ጋሽ ኢድሪስ እና የትንፋሽ ልክ

ሱቃችን ያለባት የጁባዋ ማላኪያ ሰፈር ጠዋት ላይ ዝም ብላ አታውቅም። ጄኔሬተሩ አለ፣ ሰው የሚጭነው የቦዳ ቦዳ ሞተር አለ፣ ስኳር የሚያወርዱት ሰዎች ጩኸት አለ። ሱቃችን ደጃፍ ቆሜ ሰው ቢጠራኝ እንኳ ሁለቴ ካልጠራኝ አልሰማውም ነበር። የዚያን የታህሳስ ሰኞ ግን፣ ሌሊቱን ሲተኮስ አድሮ፣ «የለመድነው ነው፣ ያልፋል» ብዬ ሱቁን ልከፍት ስወጣ፣ የሳይክል ጎማ ሰማሁ። ነጂው እግሩን ከፔዳል ሲያሳርፍ ጎማው ብቻውን የሚያሰማት ያቺ ጭርርርታ። ማላኪያ ላይ የሳይክል ጎማ ከተሰማ ነገር አለ ማለት ነው።

ዳቦ የሚያዞረው ጎረቤታችን ነበር። ዳቦ አልያዘም። «ማማ ሐናን፣ ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት እየገቡ ነው። ከጀበል ኩጁር ተራራ ወዲያ ያለው የተባበሩት መንግሥታት፣ የሰማያዊ ቆቦቹ ግቢ ሰው እያስገባ ነው አሉ። ያላ! ልጅሽን ይዘሽ ውጪ!» ብሎኝ ሄደ። ባሌ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ነበር። ቤት ውስጥ ያለችው የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ሐናን ብቻ ናት፤ መጓጓዣችን ደግሞ ለደንበኛ ዕቃ የምናደርስባት ከባዷ የቻይና ሳይክል።

አላህ ይወቀው፣ በዚያ ጭንቅ መሀል በሐሳቤ የመጣብኝ ሰው ጋሽ ኢድሪስ ነው።

ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ፈንጠር ብሎ፣ አንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሳይክል ይጠግን ነበር። ከሥሩ የማስቲሽና የተፋቀ ከመነዳሪ ጎማ ሽታ አይጠፋም። ከዛፉ ላይ የተንጠለጠሉት አሮጌ ጎማዎች ንፋስ ሲመጣ እርስ በርስ ይሳሳማሉ። በጎረምሳነቱ ለባቡር ድርጅት በሳይክል ይወዳደር ነበር አሉ። እኔ ስደርስበት ፂሙ ነጭ ሆኖ፣ ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የሰፈሩን ጎረምሶች ለሐረር ውድድር የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ጆሮው ግን ሄዷል። ባቡር የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት መዶሻ ሲደበደብበት ኖሮ ከፊቱ ካልጮኹለት አይሰማም።

ለዚህ ነው እኔን የፈለገኝ። አሥር ዓመቴ ነው፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩበት ዓመት። ጎህ ሲቀድ ከኋላው መጫኛ ላይ ያስቀምጠኛል፤ ጎረምሶቹ ተራ በተራ ከጎናችን እየመጡ የባቡር ጣቢያዎቹን በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ፦ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ። ሚኤሶ ከደረሰ ልኩ ነው፣ ጀርባውን አንድ ጊዜ መታ አደርገዋለሁ። ጎታ ላይ ከተቆረጠ ሁለት ጊዜ። ያኔ ጋሽ ኢድሪስ ዞሮ «ቀስ በል! ማን አሳደደህ?» ይላል።

ሰዉ ይስቅበት ነበር። «አቦ ጋሽ ኢድሪስ፣ ሳይክል ነጂ ነው የምታሠለጥነው ወይስ የሬዲዮ ተናጋሪ?» ይሉታል። እሱ አይቆጣም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሁርሶ እንኳ ማለት እስኪያቅታቸው ዳገት ያስወጣቸዋል። የቀሩትን ቀኖች እያወሩ ነው የሚነዱት። እሱ የሚጠላው መሀል ላይ ያለውን ነው፤ ጎታ ላይ የሚቆረጠውን። «እሱ ድካም ነው እንጂ ሥራ አይደለም፤ ዕረፍትም አይደለም። ቀስ ያላለ ሰው በፍጥነቱ ቀን ምን አምጥቶ ይፈጥናል?» ይል ነበር።

ወንድሜ ነስሩ ከጎረምሶቹ አንዱ ነው። ለሐረሩ ውድድር ካልተመረጥኩ ብሎ በየቀኑ ሞቶ ይነዳ ጀመር። ጎታ ላይ ትንፋሹ ሲቆረጥ ይሰማኛል፤ ዓይኑ ደግሞ ይለምነኛል። ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መታሁ። ወር ሙሉ እንዲህ ዋሸሁ። የውድድሩ ቀን ደንገጎ ዳገት ላይ ከሳይክሉ ወርዶ መንገድ ዳር ተዘረጋ፤ ከንፈሩ አመድ መስሎ በጫት መኪና መለሱት። ከዚያ ወዲህ ፔዳል አልነካም።

እያለቀስኩ ሄጄ ለጋሽ ኢድሪስ ነገርኩት። ደግሜ ደግሜ በጆሮው መጮህ ነበረብኝ፤ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ፒንሳውን አስቀመጠ። «እግር ይዋሻል፣ ልብም ይዋሻል። ትንፋሽ ነው የማይዋሽ። ትንፋሹ ደግሞ የሚደርሰው ላንቺ ነው፤ እኔ አልሰማም» አለኝ። ከእንግዲህ የሚፈልገኝ አልመሰለኝም። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ግን በራችን ተንኳኳ፤ መጫኛውን በጨርቅ እየወለወለ ቆሟል።

ያን የጁባ ሰኞ ታዲያ ሐናን እየነዳች እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ፔዳል አይገፋም። ዋናው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር በንያኩሮን ጓሮ ጓሮ፣ በአሸዋው ላይ ነው የሄድነው። ከበስተኋላችን ተኩስ ሲሰማ ልጄ እንደ እብድ ትረግጠው ጀመር።

«ሐናኔ፣ ሰፈሮቹን ጥሪልኝ። ማላኪያ፣ ንያኩሮን፣ ሙኑኪ፣ ጉዴሌ፣ ጀበል። በአንድ ትንፋሽ።»

«እማ! አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው እንዴ?»

«ጥሪ አልኩሽ!»

ንያኩሮን ላይ ተቆረጠባት። «እችላለሁ እማ፣ ያዢኝ ብቻ» አለች። እኔንም ሆዴ «ተያት ትፍጠን» ይለኛል። የተኩሱ ድምፅ ማጅራቴ ላይ ያለ ይመስላል፤ የትኛዋ እናት ናት ልጇን ቀስ በይ የምትል? ግን መንገዱ ገና ሩቅ ነው፣ ፀሐዩ ወጥቷል፣ ሁለት ሰው የጫነች ሳይክል ናት። መሀል ሜዳ ላይ ብትወድቅብኝ ተሸክሜያት አልሄድም። ጀርባዋን ሁለት ጊዜ መታሁ። «ቀስ። እስክትጨርሺ ድረስ ቀስ።»

እየተነጫነጨች ቀነሰች። አሸዋው ሲጠልቅ ወርጄ ገፋሁላት። አንድ ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ በሩጫ አልፎን ነበር፤ በኋላ አጥር ተደግፎ ሲያስመልሰው ደረስንበት፤ ውኃችንን አካፍለነው ሄድን። ተራራው ሲቃረብ ልጄ ሳልጠይቃት ጠራችው፤ ከማላኪያ እስከ ጀበል፣ ሳትቆራርጠው። ያኔ ነው የቀረውን እንድትረግጠው የለቀቅኳት።

ጋሽ ኢድሪስ ሲሞት ጁባ ነበርኩ፣ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ልጅም ሀብትም አልነበረውም፤ ምን ትቶ ሄደ ሲሉ የሰማኋቸው ዘመዶች አሉ። እኔ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የዋሸን ጆሮ መልሶ ያመነ ሰው ነው።

የሰማያዊ ቆቦቹ ግቢ በር ላይ የነበረው ወታደር ሳይክሏን ውጪ ተዉ አለን፣ ተውናት። ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት ምንጣፏን ጠጋ አድርጋ ቦታ ሰጠችን። ሐናን ጭኔ ላይ ተኛች። ለባሏ የምትደውል ሴት ስልኳን ስታቀብለኝ ለባሌ የነገርኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ግቢው ገብተናል። ሁለታችንም ደህና ነን።»