የጎጎ ደም ግፊት ሆሳዕና ሲደርስ

በፈረንጆቹ 2024 ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። በስደት በምኖርባት ኦሬንጅ ፋርም፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቄ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ስኳር እሸጣለሁ።

ደም ግፊት አለብኝ። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ነርስ የሆነችው ልጄ በስልክ ጨቅጭቃ መለኪያ አስገዛችኝ። ክንዴን ጨምቆ ሲለቀኝ ቁጥሩ በእኔ ስልክ አድርጎ እሷ ስልክ ላይ ይገባል አለችኝ። አላመንኳትም። «ለሌላ ሰው እንዳታስር፣ ይምታታብኛል» ብላ አስጠንቅቃኝም ነበር። እኔ ማንን ሰምቼ አውቃለሁ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎጎ መጣች። ጎጎ በአገሬው ቋንቋ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ በዕድሜ ግን እኔ እበልጣታለሁ። ዳቦ ጠይቃኝ፣ ራሴን አመመኝ አለች። ክንዴ ላይ የታሰረውን አየችና፣

«ማይ ፍሬንድ፣ እኔንም እሰረኝ እንጂ! ወይስ ለአገርህ ሰው ብቻ ነው?»

ክንዷን በፍርግርጉ ቀዳዳ አስገባች፤ አሰርኩላት። ሁለት መቶ አስራ ስምንት። ፊደል ባይሆንልኝም ቁጥር አውቃለሁ። ተበላሸ ብዬ መሣሪያውን መታ መታ አደረግኩት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«አባዬ ቁጭ በል! እንዳትንቀሳቀስ!»

«ምን ሆንኩ?»

«ሁለት መቶ አስራ ስምንት ገብተህ ምን ሆንኩ ትለኛለህ?»

«የእኔ አይደለም። የደንበኛዬ ነው።»

አሁን ልትጮህብኝ ነው ስል፣ «ሁለቱንም እጇን ወደ ላይ ታንሳ» አለች። ለጎጎ በዙሉ ነገርኳት።

«ዛሬ ደግሞ ፖሊስ ሆንክ?» ብላ ሳቀች። ቀኙ ተነሳ። ግራው ግማሽ ደርሶ ወደቀ። ሳቋም በአንድ ጎን ብቻ ቀረ። ያየሁትን ለልጄ ነገርኳት።

«አሁኑኑ ሆስፒታል፣ አባዬ! ስትሮክ ነው፣ ቆይ የሚባል ነገር የለም።»

ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ በጎረቤቴ መኪና ይዘናት በረርን። ሐኪሟ «በሰዓቱ ደርሳችኋል» ብላ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

እኔ ከሆሳዕና እዚህ ለመድረስ አራት ወር ፈጅቶብኛል። በጭነት መኪና፣ በእግር፣ መሃል ላይም እስር ቤት። የዚህች ሴት ደም ግን ያለ ፓስፖርት፣ እኔ ገና መሣሪያውን ስደበድብ፣ ሆሳዕና ደርሶ ልጄን ከወንበሯ አስነስቷታል። ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ጥበብ! ያን ቀን አፌን ከፍቼ አመሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ሆስፒታል ሄድኩ። ጎጎ ምላሷ ቢከብዳትም ታወራለች። ልጄን ማመስገን ስለፈለገች፣ ደወልኩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት።