«ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንዳትነኪው»

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ነው። ቢቸና የምኖር አስተማሪ ነኝ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን ሚስቴም ተማሪዎቼም ያውቁታል። የምጽፈውም እንደ እኔ አፉ የሚቀድመው ሰው ካለ ቢሰማኝ ብዬ ነው።

ያኔ ባለቤቴ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄዳ ነበር። የሁለት ዓመት ልጃችንን እንድትይዝልኝ እናቴ ከግንደወይን ገጠር መጣች። እኔ ጠዋት ጠዋት ለምዝገባ ትምህርት ቤት እየሄድኩ፣ ከሰዓት ቤት ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር የማስተርስ መመረቂያዬን እጽፋለሁ።

እናቴ በመጣች በሳምንቷ ኮምፒውተሯ ድምፅ ማውጣት ጀመረች። መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ አለች። ቀጥሎ መንቋቋት፣ ከዚያ እንደ ታመመ ሰው ማቃሰት መጣ። ጎኗን ስነካው ይፋጃል። ሁለት ጊዜ በራሷ ድርግም ብላ ጠፋች፤ እስክትነሣ ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። ቫይረስ ነው ብዬ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ወይ ፍንክች!

በዚህ መሀል እናቴ አቧራ ልትጠርግ ጨርቅ ይዛ ስትጠጋ ብው አልኩ።

«እምዬ! ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ይህን ዕቃ እንዳትነኪው! ገመዱንም፣ እዚያ ላይ የተሰካውንም! ሰማሽ?»

«እሺ ልጄ» አለች። ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ ተወችው። አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ ሞጣ ጉዳይ ነበረኝ። ከመውጣቴ በፊት የዓመታት ፋይሌን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ፤ ከእሱ ኤሊ ይሻላል። ባጠፋት ላትነሣ ትችላለች ብዬ እንደበራች ተውኳት። ግን አንድ ነገር አደረግኩ፤ ድምፁን በስልኬ ቀዳሁት። ሞጣ ውስጥ አብራኝ የተማረች ትሁን የምትባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለች፤ ለእሷ ላሰማት ብዬ ነው።

ትሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሁለቴ ሰማችው።

«ይሄ ቫይረስ አይደለም። ማቀዝቀዣ ፋኑ ውስጥ የገባ ነገር አለ፣ እንዳይሽከረከር ይዞታል። ሽታስ አለው?»

«የለውም። ቤቱ ትንሽ የተቆላ ገብስ ይሸታል፣ እናቴ ቆሎ ስትቆላ ነው።»

«ስትቆላ አይተሃታል?»

አሰብኩ። አላየሁም።

«አሁን በርቷል? ቤት ማን አለ?» አለችኝ። እንደበራ መሆኑን፣ እናቴና ልጄም ቤት እንዳሉ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «አንተ ሰው፣ ቶሎ ደውል! ከግድግዳው ይንቀሉት!»

ለእናቴ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ፤ የገበያ ቀን ነው፣ ስልኳ ዝግ ነው። ቤቴ የጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ልጄ ደግሞ ረፋድ ላይ የምትተኛው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ገና ግማሹ ነው፤ ካልሞላ አይነሣም። ለሾፌሩ እያለቀስኩ ነገርኩት። አንድ ሻሽ ያሰሩ እናት «የሰው ነፍስ ነው እኮ! ንዳው እንጂ!» ብለው ሾፌሩ ላይ ጮኹበት። ሳይሞላ ነዳው፣ እግዜር ይስጠው።

መንገዱን ሙሉ ደወልኩ። ስልኩ በጠራ ቁጥር እነሱ ተቃጥለው ስልኩ ብቻ የተረፈ ይመስለኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ስራገም የምኖረው ሰውዬ፣ ያን ቀን «እመቤቴ፣ መብራቱን አጥፊልኝ፤ ለዓመት ይጥፋ» እያልኩ ተሳልኩ። ለወትሮው በቀን ሦስቴ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን አልጠፋም።

ቢቸና ስደርስ ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ በጭቃው እየወደቅኩ እየተነሣሁ ሮጥኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭስ ይወጣል።

እናቴ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ፣ ልጄን በጀርባዋ አዝላ፣ ዓይኗን ኮምፒውተሯ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ውኃ የሞላ ባልዲ አለ። ኮምፒውተሯ ታቃስታለች፤ ከላይዋ ጭስ እየተጎተተ ኮርኒሱን አጥቁሮታል። ዘልዬ ገብቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። ፕላስቲኩ ቀልጦ እጄ ላይ ተጣበቀ።

«ምን ልታደርጊ ነው ባልዲው?»

«እሳት ከያዘው ልደፋበት ነዋ!»

መብራት ያለበት ዕቃ ላይ ውኃ! ልጄን አዝላ! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ለምን አልነቀልሽውም እምዬ? ስልክስ ለምን አታነሺም?»

በጣቷ አሳየችኝ። ስልኳ ጠዋት እኔው እንደሰካሁላት ከኮምፒውተሯ ጋር እዚያው የመብራት ማከፋፈያ ላይ ነው።

«ስንት ጊዜ ጮኸ መሰለህ። አንተ ነህ ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ግን እዚያ ላይ የተሰካውን እንዳትነኪ ብለኸኝ የለም?» አለች። «ቤቱ ቢቃጠልም አልክ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብነካው የባሰ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ልጅቷን ግን አውጥቻታለሁ።»

ለምን ልጅቷን ይዛ ርቃ እንዳልሄደች ስጠይቃት፣ «የለፋህበት ነው፤ ጥዬው ልሂድ?» አለችኝ። ያኔ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

በማግሥቱ ትሁን መጥታ ከፈተችው። ከውስጡ እፍኝ የሚሞላ ያረረ ብቅል ወጣ። እናቴ ለባለቤቴ መመለሻ ጠላ ልትጠምቅ ብቅል አብቅላ፣ ክረምት ሆኖ ፀሐይ ብታጣ፣ ሞቅ ያለችውን ኮምፒውተር አይታ አናቷ ላይ አሰጥታው ነበር። እኔ ሳላጠፋት ትምህርት ቤት ስሄድ ታሰጣለች፣ ስመጣ ታነሣለች። ፍሬው በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ፋኑን ጠፍሮ ያዘው። እንዳትነኪው ያልኳት ቀን አፏን የከፈተችው ይህንኑ ልትነግረኝ ኖሯል።

ጽሑፌ ተርፎ ተመርቄበታለሁ። ኮርኒሱንም ቀይሬዋለሁ። እናቴ ግን አሁንም ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ሲመሽ ማብሪያው አጠገብ ትቆምና «ልንካው?» ትለኛለች።

«ንኪው እምዬ» እላታለሁ። ሁልጊዜ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት አንዴ ፊቴን ታያለች።