በከንፈር የተያዘች ኮፒሊያ

ጋሽ ሚሊ ሳሎኑን ለመኪና ከሰጠ ስድስት ዓመት ሆነው። ሶፋው መኝታ ቤት ገባ፣ ቴሌቪዥኑ ኮሪደር ላይ ቆመ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የብረት መቁረጫ ተገጠመ። ሚስቱ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ አኮረፈች፣ በመጨረሻ «ሌላዋ ላይ ሴት ይመጣባታል፣ እኔ ላይ ጎማ መጣብኝ» እያለች የጎረቤት መሳቂያ አደረገችው። እሱ አይመልስላትም። ቢፈልግም አይችልም፤ አፉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ፦ ሚስማር፣ ብሎን፣ የእርሳስ ቁራጭ። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሁለት እጅ አልበቃ ሲለው ከንፈሩን ሦስተኛ እጅ አደረገው። እሱ ጡረታ ሲወጣም አመሉ አልወጣለትም።

«ሚሊ» ብሎ ስም ያወጣለት ታላቅ ወንድሙ ነው። የመስኮት መጋረጃ ሲሰቀል እንኳ «አንድ ሚሊ ወደ ግራ» እያለ ሰው ያሰለች ነበርና። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሚሊ ይለዋል። «ሚሊዬ» ብሎ የሚጠራው ግን ያ ወንድሙ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈው።

ወንድምዬው የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። የዚያን ዘመኗ የውድድር መኪና ዛሬ አትገኝም፦ አፍንጫዋ ረዥም፣ ወገቧ ቀጭን፣ ጣሪያ የሌላት፣ አራቱ ጎማዎቿ ከሰውነቷ ወጥተው ራቁታቸውን የቆሙ፣ ባለ አንድ ሰው መቀመጫ። ሁለቱ ወንድማማቾች በእጃቸው ነበር የሠሯት። በውድድሩ ቀን፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ዱቄት ፋብሪካው አጠገብ ካለው የግራ መታጠፊያ ስትደርስ መታጠፉን ትታ ቀጥ ብላ ሄደች። ግንቡን መታች፣ ተቃጠለች። የወንድምዬው ሚስት ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር።

ሰው «ፈጥኖ ነው» አለ፣ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ጋሽ ሚሊን በክፉ ዓይን ያየው የለም። እሱ ግን አንድ ነገር ያውቃል። ያን ቀን ረፋዱ ላይ የመሪውን ክንድ ያሰረው እሱ ነው። የብሎኑን ዳዶ አጥብቋል፤ ይህን ያስታውሳል። ዳዶው እንዳይላላ ቀዳዳው ውስጥ የምትሰካው ኮፒሊያ፣ ያቺ እንደ ጸጉር መያዣ የታጠፈች የሽቦ ቁራጭ፣ በከንፈሮቹ መካከል ነበረች፤ ጣዕሟ እስከ ዛሬ ምላሱ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ነው። ሰካት? አልሰካትም? መኪናዋ ተቃጥላ አልቃለች፣ የምትመሰክር ብረት አልተረፈችም። ሚስቱ እንኳ ሳትሰማ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ።

ጡረታ ሲወጣ ታዲያ ሐሳብ መጣለት። «እኔ ብረሳ እጄ አይረሳም» አለ። «ያቺኑ መኪና በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንዲት ሚሊ ሳላዛንፍ ብሠራት፣ እጄ እዚያች ቦታ ሲደርስ ያኔ ያደረገውን ያደርጋል፤ እኔም አያለሁ።» እብደት ነው ትሉ ይሆናል። ይሁን፤ እኔ ግን በውሃ ልክ የተለካ እብደት ያየሁት እሱ ጋ ብቻ ነው።

በእጁ ያለው አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም የግራ ጎኗን ብቻ ያሳያል። ቀኙን በትዝታ ቀጠቀጠው። አንድ ቀን መዶሻው አዳለጠውና ከጭስ ማውጫው በላይ አውራ ጣት የምታክል ስርጉድ ወጣች። ተናዶ ሊያቃናት ሲል፣ ድሮ የውድድሩን ሰዓት ይይዙ የነበሩ ሽማግሌ «እስቲ ልያት» ብለው መጡ። ዞረው በቀኝ በኩል ቆሙና ስርጉዷን በጣታቸው ዳሰሷት።

«ይቺን ስርጉድ እንዴት አስታወስካት?» አሉት።

አላስታወሳትም። ሽማግሌው የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

በዚህ አላበቃም። ማታ ቀጥ አድርጎ የሚተዋቸው የፊት ጎማዎች ጠዋት ወደ ግራ ዞረው ይገኛሉ። «ወለሉ ዘሞ ነው» አላት ለሚስቱ። ውሃ ልክ አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ አለች። ሚስቱ አረፋዋን አየች፣ ጎማዎቹን አየች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መግቢያ መውጫዋ በጓሮ በር ሆነ። ቀልዷም ቆመ፤ እሱ ደግሞ ከጎማው ይልቅ የቀልዷ መቆም አስፈራው።

መቀመጫውን በራሱ ቁመት ነበር የለካው። አልቆ ገብቶ ቢቀመጥ እግሩ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። ሜትሩን ሦስት ጊዜ አመላለሰ፤ ስህተት የለም። የሙት ልጁን ጥሎበት የሄደው ወንድሙ፣ ያኔ ከእሱ በአንድ ጭንቅላት ይረዝም ነበር።

ከአባቷ ሞት በኋላ የተወለደችውን ያቺን ልጅ ያሳደጋት ጋሽ ሚሊ ነው። አሁን የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ቁመቷም ግትርነቷም የአባቷ ነው። መጥታ ዘላ ገባች። መቀመጫው ከትከሻዋ እስከ ተረከዟ ተለክቶ የተሰፋላት ይመስል ነበር።

«አጎቴ፣ ለእኔ ነው እንዴ የሠራኸው?» ብላ ሳቀች። «እሑድ እነዳታለሁ።»

«አይሆንም።»

«አባቴን በፎቶ ነው የማውቀው። እሱ የተቀመጠበት ተቀምጬ አንዴ ብነዳ ምን አለበት?»

ምን ይበላት? እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ምክንያቱን ደግሞ ገና እሱም አያውቀውም። ዝም አለ፤ እሷም ዝምታውን እሺ አድርጋ ወሰደችው።

እሑድ ረፋዱ ላይ የሳሎኑን መስኮት ከነግንቡ አፍርሰው መኪናዋን ወደ ግቢ አወጧት። ሚስቱ «ግድግዳዬ ሲመለስ ጥሩኝ» ብላ እህቷ ቤት ሄዳለች። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። የቀረችው የመጨረሻዋ ሥራ ናት፣ የመሪው ክንድ። ጋሽ ሚሊ በጀርባው ተንጋሎ ከአፍንጫዋ ሥር ገባ። ዳዶውን አጠበቀ። ኮፒሊያዋ በከንፈሩ ላይ ናት። ልጅቷ ከኋላ ጎማ ትነፋለች።

ያኔ ከቤት ውስጥ «ሚሊዬ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ጠሪህን ሳታይ አቤት አትበል» ትል ነበር እናቱ። ግን ታላቅ ሲጠራ ዝም አይባልም፤ ይሄ ከእናት ምክር በፊት የገባ ነገር ነው። «አቤት!» አለና ተነሳ። በፈረሰው ግድግዳ ገባ። ሳሎኑ ውስጥ አራት የጎማ ቦታና የዘይት ጠብታ ብቻ አለ። መኝታ ቤቱን አየ፣ ኮሪደሩን አየ። ማንም የለም።

«ጠርተሽኛል?» አላት ተመልሶ።

«ኧረ አልጠራሁህም። አንተ ግን አቤት ስትል ሰምቻለሁ።» መቀመጫው ውስጥ ገብታ የራስ ቁሯን እያሰረች ነው። «አለቀ?»

«አልቋል» አለ። ከልቡ ነው። ማል ቢሉት ይምል ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። ግቢው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጭሱ ዓይኑን አቃጠለውና መሀረብ ሊያወጣ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። አንዲት ነገር ጣቱን ወጋችው።

መኪናዋ ተንቀሳቅሳለች። ቢጮህ አይሰማም። ሮጦ ፊቷ ላይ ቆመ፤ የቀኙ ጎማ ጉልበቱን ነክቶ ቆመ። ልጅቷ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

«አብደሃል? ልገድልህ ነበር እኮ!»

መዳፉን ዘረጋላት። ኮፒሊያዋ እዚያ ነበረች።

«አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ የነበረው ቦታ አሁን ሞልቷል፤ ሁሉንም ያያል። «ያን ቀንም እንዲሁ ጠራኝ። ‹ሚሊዬ፣ ና የራስ ቁሬን እሰርልኝ› አለኝ። ኮፒሊያ በከንፈሩ ይዞ አቤት የሚል ሰው የለም። ኪሴ ከተትኳት። ከቀብሩ መልስ ያን ቀን የለበስኩትን ቱታ ጣልኩት፤ ኪሱን አልፈተሽኩም። ፈርቼ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅክ ነው ያሳደግከኝ?»

«አላውቅም ነበር። እጠረጥር ነበር።»

ልጅቷ አለቀሰች። በጡጫ ደረቱን መታችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ኮፒሊያዋን ከመዳፉ አነሳች።

«ቀዳዳው የት ጋ ነው?»

አሳያት። በጀርባዋ ተንጋላ ገባች። ዳዶውን በአንድ እጇ፣ ክንዱን በሌላው ይዛ፣ ኮፒሊያዋን በከንፈሮቿ ነከሰች። ይህን አመል ማንም አላስተማራትም፤ እሱን እያየች ነው ያደገችው።

«ልጄ!» አለ ከቤት ውስጥ፣ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ።

ሁለቱም ሰሙት። ከንፈሮቿ ሊላቀቁ ሲሉ ጋሽ ሚሊ ተንበርክኮ እጁን ትከሻዋ ላይ ጫነ። «አትመልሺ! በእናትሽ፣ መጀመሪያ ስኪያት!»

እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ ሰካቻት። ፒንሳውን ሰጣት፤ የኮፒሊያዋን አንዷን እግር ወዲህ፣ አንዷን ወዲያ ገለበጠች። እሱም ዳዶውን በጣቱ ነካካው፣ ደግሞ ነካካው። አይላላም።

ተነስቶ ወደ ፈረሰው ግድግዳ ዞረ።

«አቤት ወንድም ጋሼ» አለ። «ሰክተናታል።»

ልጅቷ ከመኪናዋ ሥር ሆና፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«እኔስ? አሁን አቤት ልበል?»

«በይ» አላት።

«አቤት አባዬ» አለች።