የአብዱልፈታ ሚኒሞ

ሸዋ በር ላይ፣ የጀጎልን ግንብ ተደግፎ ሞተር ሳይክል የሚጠግን አብዱልፈታ የሚባል ሰው አለ። የዚህ ሰው ሀብቱ ጆሮው ነበር። ሞተሩ ገና ከሩቅ ሲመጣ "ካርቡራተሩ ውሃ ገብቶታል" ይላል፤ ሲከፈት እውነትም ውሃ! በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸር ቤንዚን ምን የሌለበት አለ? ውሃ አለበት፣ ላምባ አለበት፣ አላህ ብቻ የሚያውቀው ሌላም አለበት። ጂግለሩን፣ ያችን ቤንዚን የምትመጥን ሚጢጢ ቀዳዳ፣ ነቅሎ በአፉ እፍ ይልባታል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሚኒሞውን በጆሮው ያስተካክላል፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ሳይጠፋ፣ ሳይጮህም፣ እኩል እስኪተነፍስ ድረስ።

ይኸው ጆሮ ከዳው። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። ለማን ይናገር? ጆሮ የሌለው ሞተር ጠጋኝ ማን ይፈልጋል? ደበቀው። የሰው ከንፈር ማየት ለመደ፤ ሚኒሞውን ደግሞ መዳፉን ታንከሩ ላይ ለጥፎ በንዝረቱ ያስተካክል ጀመር። "ስማ፣ እንደ ሰዓት!" ይላል ሲጨርስ። ባለሞተሩም ራሱን ይነቀንቃል። ተበላሸብኝ ብሎ የተመለሰ አንድም ሰው የለም። እንዴት አይኮራ፣ አቦ! ጆሮዬ ቢሄድ እጄ አለ፣ አልሐምዱሊላህ እያለ ይጽናና ነበር።

ልጁ ናፊያ ነርስ ናት፤ በሞተር ገጠር ለገጠር እየዞረች ሕፃናት ትከትባለች። ሞተሯ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ዳገት ላይ እየጠፋ ሲያስቸግራት እሱው ጠገነላት። ሰንበት ብሎ አንድ ማለዳ፣ መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ ብሎ ሊያይላት ግቢ ውስጥ ጎንበስ ቢል ሚኒሞው የሚስተካከልበት ብሎን አናቱ ተፋፍቋል። እንዴ! የእሱ ካቻቢቴ ቀጭን ናት፤ ብሎን አትፍቅም። በወፍራም ካቻቢቴ ብሎን የሚፈጅ ሸዋ በር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከእሱ ቦታ ጥጉን ዞር ብሎ የሚሠራው ሙሜ። ሥራ ያስተማረው አብዱልፈታ ራሱ ነው፤ በዚህ አመሉ ስንቴ ተቆጥቶታል!

"ሙሜ ጋ ወስደሽዋል?" አላት ናፊያን፣ ፊቱ በንዴት ቀልቶ።

ናፊያ ከንፈሯን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቆመች። "አባ፣ አይቆጡ። እሱ ትንሽ አስተካከለልኝ።"

"ያንቺን ብቻ?"

ልትደብቀው ፈለገች። አልቻለችም፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። "የሁሉንም ያስተካክላል። ባለሞተሮቹ ከእርስዎ ዘንድ ሲወጡ እሱ ጋ ይቆማሉ። እርስዎ እንዳያዝኑ ብለው ነው፣ ወላሂ።"

አብዱልፈታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሸዋ በር በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ "አበላሸህብኝ!" ብሎ ቢያንባርቅበት ምን ነበረበት? ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቅስሙን የሰበሩት ያዘኑለት ናቸው።

በማግስቱ አንድ ጎልማሳ ሞተሩን እየገፋ መጣ። አብዱልፈታ ካርቡራተሩን ፈታ፣ ውሃውን ደፋ፣ ጂግለሩን እፍ አለ፣ መልሶ ገጠመ። ሞተሩን ግን አላስነሳውም። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ "ሚኒሞውን ሙሜ ያስተካክልልህ" አለው።

ሰውየው ደነገጠ። "ኧረ በአላህ! ከእርስዎ ሌላ ማን..." ብሎ ጀመረ፤ የቀረውን በኀፍረት አቀርቅሮ ስለተናገረው ከንፈሩ አልታይ አለ።

"አልሰማሁህም" አለ አብዱልፈታ። "ቀና በልልኝ ወንድሜ፣ ጆሮዬ አይሰማም።"