ቆመው የሚፍቁበት ሳንቃ

መምህር ይስሐቅ ነገርን ሁለቴ ሳያገላብጥ አያምንም። ወጣት ሳለ ሶዶ ውስጥ ታይፕ ያስተምር ነበር፤ «ይህን የያዘ ሥራ አያጣም» እያለ ስንቱን አሳምኗል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ተማሪዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንዳንዶቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት በግማሽ አፋቸው ነው ሰላም የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገ ሥራ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

ዘንድሮ አሁን ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ለቴክኒክ ሥልጠና የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ የሚፈርምለትም እሱ። ከቀረቡት ሥራዎች ሁሉ የበለጠው ከገሱባ የመጣችው የፍሬሕይወት የእንሰት መፋቂያ ንድፍ ነበር። መብለጡ ነው ያሳሰበው። መስመሩ የጸዳ፣ አማርኛው የተወለወለ። ስልኳ ላይ ያለው ኤአይ የሠራው ቢሆንስ? እንዳያጣራ፣ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ እዚያ ዝር አይልም። ጡረታው እስኪቃረብ አንድም ቀን ሲፋቅ ቆሞ አላየም።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ ለአባይነሽ አሳያት።

«ይህን የሠራ ሰው እንሰት ፍቆ አያውቅም» አለች ገና ስታየው። «ሴትዮዋን አቁሟታል! እኛ መሬት ተቀምጠን፣ እንሰቱን በአንድ እግራችን ሳንቃው ላይ ረግጠን ይዘን አይደል የምንፍቀው?»

«ያዝኳት!» አለ። ደስ ማለቱ ግን ራሱን አሳፈረው።

ከሰዓት ፍሬሕይወትን ወርክሾፕ አስጠራት።

«ስልክሽን ጠይቀሻል?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ምን አለሽ?»

«ተቀምጠው ነው የሚፍቁት አለኝ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ታዲያ ለምን አቆምሻት?»

«እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ መሬት መቀመጥ አትችልም። እሷ ካልፈቀች ደግሞ እኛ ቤት አይበላም። በእግሯ ፋንታ ሞርሳ አደረግኩ።» ይዛው ከመጣችው ጆንያ ውስጥ በንድፉ የሠራችውን ሳንቃ አወጣች፤ ጫፉ ላይ እንሰቱን ነክሶ የሚይዝ የእንጨት ሞርሳ ነበረው።

ወሬው ያምራል። የሚያምር ወሬ ግን እሱም በጊዜው ያውቅበት ነበር። ስልኩን አነሳ።

«አባይነሽ፣ ከጓሮ አንድ የእንሰት ቁራጭ ይዘሽ ነይ።»

«ትምህርት ቤት? ወንዶች እያዩኝ ልፍቅ? አብደሃል እንዴ ሰውዬ!»

«ማንም አያይሽም።»

እያጉረመረመች በባጃጅ መጣች። ይስሐቅ ወንዶቹን ተማሪዎች ከወርክሾፑ አስወጣ፤ ቀጥሎ ራሱ ወጥቶ በሩን ዘጋ። የሥልጠናውን ቅጽ ይዞ ደጅ ቆመ። አባይነሽ በወላይትኛ ስትቆጣ፣ ልጅቷ ስትመልስላት፣ ሞርሳው ሲጠብቅ ሰማ። ከዚያ የመፋቅ ድምፅ ተከተለ።

«ይስሐቅ!» አለች ከውስጥ። «ወገቤን እኮ አላመመኝም!»

ቅጹን በሩ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ፈርሞም ግን አልሄደም፤ የመፋቁ ድምፅ ይቋረጥ ይሆን እያለ ጆሮውን ጥሎ እዚያው ቆመ።