ቄጤማ ያፈነው አበባ

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አትክልተኛ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ ኃላፊዋ ስንዱ ከትልቁ ጥድ ሥር አቆመችኝ። ልጄን ታክላለች። «አያ ታከለ፣ እዚህ ጥላ ነው፤ ምንም አይበቅልም። ዝም ብለው ይጥረጉት» አለችኝ። መጥረጊያውን ተቀበልሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ በረንዳ ይወጣል፤ እኔ እጠርጋለሁ። ይሄ ሥራ ነው?

ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ፣ ዛፍ ሥር መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐምራዊ አበባ አውቃለሁ። ስሙን የተማረ ይንገራችሁ። ሥር ያወጣውን ሐረግ ቆርጬ በእርጥብ ጆንያ አመጣሁ። አፈሩን በመኮትኮቻ አላላሁት፤ ዶማ የጥዱን ሥር ያቆስላል። ፍግ ደባልቄ በስንዝር በስንዝር ተከልሁ። ከዚያ ወዲያ አረሙን በእጅ መልቀም ነው፤ ሣር ከቀደመው አለቀለት። ክረምት በክረምት ሲደገም መሬቱ ለበሰ። አፈሩም በረንዳ መውጣቱን ተወ።

አንድ ጊዜ ቁይ ከተማ ለቅሶ ደርሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ፣ ግቢው ሠርግ አስተናግዷል። አበባዬ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ቄጤማው እንዳይጠወልግ ብለው ውኃ ሲረጩበት ከርመዋል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ያነሣው ሰው የለም።

«ማን ነው ይሄን የሠራ?»

«እኔ ነኝ» አለች ስንዱ። «ሙሽሮች ቄጤማ በሌለበት ይቀመጡ እንዴ? ነውር አይደለም?»

«የለበሰን መሬት እንደገና ታለብሻለሽ?»

«እርስዎ ደግሞ! ሚስትዎን የነካንብዎ አስመሰሉት።»

«ሚስቴንማ ቢነኳት ትጮሃለች። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሞት!»

ቄጤማውን ስገልጠው እንፋሎት ወጣ። ሐረጉ በስብሶ እጄ ላይ ሟሟ። ዛሬም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

«ከሞተማ ሲሚንቶ አስደርገዋለሁ» አለች።

ከጥዱ ግንድ ጥግ የተረፈውን ቆርጬ እንደገና ተከልሁ። ገና ሳይያያዝ ግንበኛ አመጣች። ሰውዬው ገመድ ሲዘረጋ ሄጄ መካከሉ ላይ ተቀመጥሁ።

«ይነሡ እንጂ አባቴ» አለኝ።

«አልነሣም! አፍስሰው፤ እኔንም አብረህ ልሰነኝ።»

ሳቀና ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ስንዱ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሳችኝ። ትንሳኝ።

አበባው አሁን ግማሹን መሬት መልሶ ይዟል። ሠርግ ባለ ቀን ከግቢው አልወጣም።

የሚሳብ ተክል ጥላ ይችላል፤ የደጋ ውርጭም ይችላል። መታፈን አይችልም። ቄጤማ ወለል ላይ ይጎዝጎዝ።