ጎማና ፍሬኑን ለኔ ተወው

ሰው ሁሉ ጉልቤ ይለዋል። ጉልበተኛ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ! የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ከዓመታት በፊት ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ ቁጭ ብድግ ማለት ፈተናው ነው። ስሙን ያወጡለት እነዚያ ምላሳቸው የማያርፍ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ደግ ሰው ነው፣ ሰው ማመን ይወዳል፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው ዋሴን ነበር። ዋሴ የሥራ ጓደኛውም፣ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱም ነው። "ዋሴ" ብሎ የሰየመው ራሱ ጉልቤ ነው፣ ዋስ ጠበቃዬ ለማለት። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ሁለቱ ዙሪያውን ይፈትሻሉ። ጉልቤ ከጎማው ሥር ሊያጎነብስ ሲል ዋሴ ትከሻውን ይዞ ያስቆመዋል።

"አንተ ክንፉንና ሞተሩን እይ። ጎማና ፍሬኑን ለኔ ተወው፤ ጉልበትህን አትግደለው።"

እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል! ጉልቤ ቤቱ ገብቶ ይህንን ለሚስቱ ሲያወራላት ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

ዘንድሮ ሁለቱ ቤተሰቦች ባሕር አይተው ሊመጡ ተስማሙ። እናቶቹና ልጆቹ በአንድ አውሮፕላን ቀድመው ሊሄዱ፣ አባቶቹ ፈቃዳቸው ሲደርስ ሊከተሉ ነው። ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት ዋሴ ፊቱን ጥሎ መጣ።

"ትንሿ ልጄን ትኩሳት ይዟታል፤ የኔዎቹ ነገ አይሄዱም፤ በሚቀጥለው በረራ ይደርሱባችኋል" አለ።

"እንግዲያው እኛም አብረን እንቆያለና!" አለች የጉልቤ ሚስት።

"ሞቼ እገኛለሁ! ልጆቹ እንዲህ ጓጉተው? አንቺ ሂጂ" ብሎ ድርቅ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጉልቤ ወደ ሥራ ሲወጣ ያቺ ታመመች የተባለችው ልጅ ግቢው ውስጥ ገመድ ትዘላለች።

"ተሻለሽ እንዴ የኔ እመቤት?"

"ምኔን?" አለችው። ልጅ አይደለች! ብሎ ስቆ አለፈ።

ዋሴ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ጉልቤ ያን ቀን ብቻውን ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ተሳፍረው ወንበራቸውን ይዘዋል፤ ትልቁ ልጅ በመስኮት እጁን ሲያውለበልብለት እሱም በባትሪው መለሰለት። ክንፉን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ከዚያ "ወይ ጉልበቴ!" እያለ ከጎማው ሥር ተንበረከከ። ይሄኔ ካፒቴኑ በጆሮ ማዳመጫው ጠራው።

"ጉልቤ፣ የእጅ ፍሬኑን ልልቀቅልህ?"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ! ዋሴ ጎማ ሲያይ ሁሌ ልቀቅልኝ ይለኛል።"

ጉልቤ ክው አለ። ከፍሬኑ ላይ ብቅ ያለች አንዲት ትንሽ የብረት ዘንግ አለች፤ ፍሬኑ እያለቀ ሲሄድ እሷም እያጠረች ወደ ውስጥ ትገባለች። የምትታየው ታዲያ ፍሬኑ ተይዞ ነው። ተለቆ ያያት ሰው ረዝማ ያገኛታል፤ ያለቀው ፍሬን ገና ያለ ይመስለዋል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም፣ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው።

"ይተዉት ካፒቴን፣ እንደተያዘ ይሁን" አለና ባትሪውን አበራ።

ዘንጓ የለችም። ምናልባት ዓይኔ ይሆናል ብሎ ዳበሰ፤ ጣቱ ያገኘው ልሙጥ ብረት ብቻ ነው። ወደ ሌላኛው ጎማ እየተጎተተ ሄዶ አየ፣ እዚያም ያው። ይሄ ደግሞ በአንድ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም። የጎማውን ጠርዝ ተደግፎ ተነሳ።

"ካፒቴን፣ ይሄ አውሮፕላን አይነሳም። ሰዉ ይውረድ።"

መንገደኛው እያጉረመረመ ወረደ። አንዱ ባለከረባት "ቀድማችሁ አታዩም ነበር?" ብሎ ጮኸበት፤ ጉልቤ ምን ይበል? በመንገደኞች ማረፊያው ጥግ ቆሞ ለዋሴ ደወለ።

"አቤት ወንድሜ፣ ተነሱ?"

"አልተነሱም። ፍሬኑን አየሁት።"



"ስማኝ" አለ ዋሴ፣ "ዛሬ ሲመለስ ላስቀይረው ነበር። አለቃችን ‹የፈረቃ ኃላፊ የማደርገው አውሮፕላን የማያዘገይብኝን ሰው ነው› ሲል አልሰማህም? ትንሽ ልግፋው ብዬ ነው። ልጆቼን ይንሳኝ፣ ፍሬኑ አንድ ደርሶ መልስ ይችል ነበር!"

"ከቻለ ልጆችህን ለምን አስቀረሃቸው?"

በስልኩ ውስጥ ገመዱ መሬት ሲመታና ትንሿ ልጅ ስትስቅ ይሰማል።

"እኔ ሞኙ ለጉልበቴ የምታዝን መስሎኝ!" አለ ጉልቤ። "እንዳላይብህ ኖሯል።" ዘጋበት።

ዞር ሲል ሚስቱ ሻንጣዋን እየጎተተች አጠገቡ ደርሳለች፤ ልጆቹ ከኋላዋ ናቸው።

"ዋሴ ነው እንዴ? ምነው ሳታገናኘኝ ዘጋኸው! ልጅቷ እንዴት ሆነች? ትኩሳቷ ወረደ?"

"ትኩሳት አልነበራትም።"

"ታዲያ ለምን ቀሩ?"

"ፍሬኑ ማለቁን ያውቅ ነበር" አላት። "የራሱን ልጆች አስቀርቶ የኔን አሳፈራቸው።"

ሚስቱ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። ቀስ ብላ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች፤ እጀታውን ይዛ ቆየች።

"ዛሬ ጠዋት ይሄን ሻንጣ እስከ ታክሲው ድረስ የተሸከመልኝ እኮ እሱ ነው" አለች። "ልጆቹንም ስሟቸዋል።"